የውጭ ዲፕሎማቶችና ቤተሰቦቻቸው በአሜሪካ የመንግሥት ድጎማ የማግኘት መብት

በአሜሪካ የተመደበ የውጭ ዲፕሎማትና አብሮት የሚኖር ቤተሰቡ የፌዴራል መንግሥት ድጎማ በመርህ ደረጃ አይመለከታቸውም። ለደመወዝ፣ ለሕክምናና ለጡረታ ተጠያቂው ላኪው መንግሥት ነው። አከራካሪ ጉዳይ የሚነሳው በአብዛኛው በዲፕሎማቱ ዙሪያ ባሉት ሰዎች ነው፤ እዚያው በተወለደ ልጅ፣ ሥራ በያዘች ባለቤት፣ ኤምባሲው እዚያው በቀጠረው ሠራተኛ።

መሠረቱ የ1961 (እ.ኤ.አ.) የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቬየና ስምምነት ነው። አንቀጽ 33 ዲፕሎማቱን ለላኪው መንግሥት በሚሰጠው አገልግሎት ረገድ ከተቀባዩ አገር የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነፃ ያደርገዋል፤ አንቀጽ 37 ደግሞ የተቀባዩ አገር ዜጋ ያልሆኑትን የቤተሰቡን አባላት ይጨምራል። መዋጮ የማይከፍል ሰው ከመዋጮው የሚገኘውንም አይጠብቅም። ስለ ቆንስላዎች የ1963ቱ ስምምነት አንቀጽ 48 ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው።

በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሕግ ብዙዎቹን የፌዴራል ድጎማዎች «ብቁ» ለተባሉ የውጭ ዜጎች ብቻ ይፈቅዳል። የኤ (የውጭ መንግሥታት ዲፕሎማቶችና ሠራተኞች) እና የጂ (በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚሠሩ) ቪዛ ያላቸው ከዚያ ውጭ በመሆናቸው ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) አያገኙም፤ ሜዲኬይድም (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ዝግ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤትና የተማሪዎች ምሳ ግን ለልጆቻቸው ክፍት ነው።

በሰፊው የሚታወቀው ጉዳይ የኒው ዮርኩ ነው። በታኅሣሥ 2013 (እ.ኤ.አ.) የማንሃተን ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ 49 የሩሲያ ዲፕሎማቶችንና የትዳር አጋሮቻቸውን፣ በሥራ ላይ ያሉትንም የቀድሞዎቹንም፣ ከሜዲኬይድ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በማጭበርበር ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ከ2004 እስከ ነሐሴ 2013 በከተማው ከእነዚህ ቤተሰቦች ከተወለዱት 63 ሕፃናት የ58ቱን ወጪ የሸፈነው ሜዲኬይድ ነበር። መንገዱ ሁለት ነበር ይባላል፦ በማመልከቻው ላይ ገቢን ከትክክለኛው አሳንሶ መጻፍና አራሱን ሕፃን የአሜሪካ ዜጋ ነው ብሎ ማስመዝገብ። በዚያው ዘመን የአንዳንዶቹ የባንክ ካርድ በውድ ዕቃ ግዢ መጨናነቁን ክሱ አክሏል። ሞስኮ ውንጀላውን አጣጥላለች። ሩሲያ ያለመከሰስ መብቱን ስላላነሳች ክሱ በችሎት አልተፈተነም፤ የቅንና የተከበረው ሙያ ስም ግን በጥቂቶች ተነካ።

የልጁ ዜግነት ነገር እስካሁን ብዙ ያሳስታል። ወላጁ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲፕሎማቶች ዝርዝር ላይ ስሙ ያለ ከሆነ፣ እዚያ የተወለደው ልጅ በመወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም፤ ወላጆቹ ከፈለጉ ግን ቋሚ ነዋሪ ተብሎ መመዝገብ ይችላል። የአስተዳደርና የቴክኒክ ሠራተኛ ልጅ ግን ዜጋ ነው። ሆስፒታሉ ይህን አይለይም፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት የልደት ምስክር ወረቀት ያሰጣል፣ ወላጆች በቅጹ ላይ ከጠየቁም የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ስለወጣ ዜግነቱ የጸደቀ የሚመስላቸው አሉ፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፓስፖርት ሲጠየቅ ነው።

ባለቤት ወይም ጎልማሳ ልጅ መሥራት ከፈለገ ኤምባሲው ቅጽ አይ-566ን በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል ያቀርባል፣ የሥራ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ አይ-765 ይከተላል፣ ፈቃዱ ሳይደርስ ሥራ አይጀመርም። ከግል አሠሪ የሚገኘው ደመወዝ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይታሰባል፦ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2%፣ ለሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የጤና መድን) 1.45% ይቆረጣል። የእርጅና ጡረታ መዋጮ በተከፈለበት ሥራ የሚጠራቀም 40 ነጥብ ይጠይቃል፣ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም፤ ማለትም ቢያንስ አሥር ዓመት። ጥቂት ዓመት የሚቆይ ምደባ እዚያ አያደርስም፤ አሜሪካም ከኢትዮጵያ ጋር የሁለቱን አገር የአገልግሎት ዘመን የሚያጣምር ስምምነት ስለሌላት የተከፈለው ባክኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያውን ጨምሮ በዋሽንግተን ኤምባሲዎች እዚያው ተቀጥረው ለሚሠሩ ደግሞ ልዩነቱን የሚፈጥረው ፓስፖርት ነው። አሜሪካዊ ዜጋ በግሉ እንደሚሠራ ሰው ተቆጥሮ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮውን፣ የአሠሪውን ድርሻ ጨምሮ፣ 15.3% ራሱ ይከፍላል፤ ኤምባሲው ስለማይቆርጥለት በየሩብ ዓመቱ (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ መስከረም፣ ጥር አጋማሽ) ካላስገባ ቅጣት ይጠብቀዋል። ግሪን ካርድ ያለው ግን ይህን አይከፍልም። ደስ የሚል ይመስላል፤ ሆኖም በዚያ ሥራ ሃያ ዓመት ቢያገለግል አንድም የሶሻል ሴኩሪቲ ነጥብ አያጠራቅም። ዜግነት ሲያገኝ መክፈልም ነጥብ ማጠራቀምም ከዚያ ቀን ይጀምራል፤ ያለፈው ዘመን ወደ ኋላ ተመልሶ አይቆጠርለትም።