ስንፈተ ወሲብ፦ ተክሉና ክኒኑ የሚገናኙበት ኢንዛይም

ወንድ ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆም ሲያጣ ወይም ሳይቆይ ሲጠፋበት፣ ችግሩም ሲደጋገም፣ ስንፈተ ወሲብ ይባላል። አንድ ቀን ድካም ያመጣው አይቆጠርም። ጭንቀት ሊያመጣው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጣጣው የደም ሥር ነው፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ። የልብ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሆኖ የሚመጣበትም ጊዜ አለ።

ስሜት ሲነሳ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ። በዚህ ምክንያት ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛል፣ ጡንቻው ይፍታታል፣ ብልቱ በደም ይሞላል። ፒዲኢ 5 የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ይህንኑ ንጥረ ነገር ይሰባብረዋል፤ ያኔ ነገሩ ያበቃል። ቪያግራና ዘመዶቹ የሚያግዱት ይህን ኢንዛይም ነው። ስሜት ከሌለ ክኒኑ ብቻውን ዋጋ የለውም። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

ዕፅዋት በዚህ መንገድ ላይ ከክኒኑ ቀድመዋል። ፓፓቬሪን ኦፒየም ከሚሰጠው የፖፒ ተክል በ1848 የተለየ ንጥረ ነገር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፒዲኢ 5ን ብቻ ሳይሆን የኢንዛይሙን ቤተሰብ በጅምላ ያግዳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሮናልድ ቪራግ በ1982 ብልት ላይ ሲወጋ እንደሚሠራ አሳወቀ። በ1983 ደግሞ እንግሊዛዊው ጃይልስ ብሪንድሊ ላስ ቬጋስ ላይ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ንግግር ሲያደርግ፣ ቀድሞ ራሱን በመርፌ ወግቶ ነበርና ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ውጤቱን አሳየ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ማስረጃ ያቀረበ ተናጋሪ አልሰማሁም።

ሲልዴናፊልን፣ ማለትም ቪያግራን፣ የሠሩት እንግሊዝ አገር ሳንድዊች ከተማ የነበሩ የፋይዘር ተመራማሪዎች ናቸው። ያሰቡት ለልብ ሕመም ነበር። ለልብ ብዙም አልሆነም፤ የተሞከረባቸው ወንዶች ግን ሌላ ነገር አወሩ። አሜሪካ በመጋቢት 1998 ፈቀደችው። ዘመዶቹ ታዳላፊልና ቫርዴናፊል በ2003 ተከተሉ። ታዳላፊል እስከ 36 ሰዓት ስለሚሠራ ከሁሉም ይረዝማል።

ቻይናዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት ኤፒሜዲየም የተባለ ተክል ኢካሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። እሱም ፒዲኢ 5ን ያግዳል፣ ግን ደካማ ነው። በ2008 የሚላኖ ተመራማሪዎች ኢካሪንን ቀይረው ጉልበቱ ወደ ሲልዴናፊል የተጠጋ አንድ ውህድ አገኙ። ይህ የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ሰው ላይ መሥራቱን አያሳይም። ከምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ዮሂምቢን መንገዱ ሌላ ነው፤ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል። የቡናችን ካፌይንም የኢንዛይሙን ቤተሰብ በጥቂቱ ያግዳል። በረካ ድረስ ብትጠጡ ግን ቪያግራ አይሆንላችሁም።

የሚያሳስበው «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚሸጠው እንክብል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በእንዲህ ያሉ ምርቶች ውስጥ የተደበቀ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ደጋግሞ አግኝቷል። እነዚህ መድኃኒቶች ለልብ ከሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን ገደል ይከቱታል። «ቅጠል ነው የወሰድኩት» የሚል ሰው ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል ቢደርስ፣ ሐኪሙ ምንም ሳይጠረጥር ያንኑ ናይትሮግሊሰሪን ሊሰጠው ይችላል።