የሌለ እጅ ሕመም ምንድን ነው?

«ልጄ፣ እጄ ጭብጥ እንዳለ ቀረ፤ ጥፍሬ መዳፌን እየወጋ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።» ይህን ያሉኝ ከጎንደር ዙሪያ የመጡ፣ የግራ እጃቸው ከክርን በታች ከተቆረጠ አምስት ወር ያለፋቸው አንድ አርሶ አደር ናቸው። ሲናገሩ በቀኝ እጃቸው የሚያመለክቱት በጋቢያቸው ጫፍ የተጠቀለለውን ቀሪ ክንድ ሳይሆን ከእርሱ አንድ ስንዝር ያህል ወረድ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉበትን ምክንያት ኋላ ላይ ነገሩኝ፤ «አእምሮው ተነካ» እንዳይባሉ ፈርተው ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር።

አእምሯቸው አልተነካም። ይህ ሕመም በሕክምናው «ፋንተም ሊምብ ፔይን» ይባላል፤ እኔ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ለታካሚዎች ስናስረዳ «የሌለ እጅ ሕመም» እንለዋለን። አንድ የአካል ክፍል ከተቆረጠ በኋላ በዚያው በሌለው ክፍል ውስጥ የሚሰማ እውነተኛ ሕመም ማለት ነው። ከሁለት ነገሮች ግን መለየት አለበት። አንደኛው እጁ አሁንም እንዳለ ሆኖ የመሰማት ስሜት ሲሆን፣ ያሳክካል፣ ይሞቃል ወይም ጣቶቹ የሚንቀሳቀሱ ይመስላል እንጂ አያምም፤ ይህ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚታይ በመሆኑ በራሱ መታከም አያስፈልገውም። ሁለተኛው የቀሪው ክንድ ሕመም ነው፤ ይህ ከቁስል፣ ከኢንፌክሽን፣ ከአጥንት ጫፍ ወይም ልክ ካልሆነ ሰው ሠራሽ እጅ የሚመጣ ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድነት ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ታካሚው «እጄን ያመኛል» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው እጅዎ ነው፤ ያለው ነው የሌለው?» መሆን አለበት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እጅና እግራቸው የተቆረጠባቸው ወታደሮች በሌለው አካላቸው እንደሚታመሙ ጽፏል፤ «ፋንተም ሊምብ» የሚለውን ስያሜ ያስፋፋው ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉትን ያከመው ሐኪም ሳይላስ ዊየር ሚቸል ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. በ1871 ነበር። ዛሬ የሚታወቀው እጅ ወይም እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም እንደሚያጋጥማቸው ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል? አንድ ምንጭ ብቻ የለውም። ሲቆረጥ ጫፉን ያጣው ነርቭ ለማደግ ይሞክራል፤ መድረሻ ሲያጣም በጠባሳው ውስጥ ተጠቅልሎ ኒውሮማ የሚባል ጉብታ ይሠራል፤ ይህም ጉብታ ሳይነካ እንኳ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ያለማቋረጥ ሲደርሰው ኅብለ ሰረሰር ለትንሹ ሁሉ የሚቆጣ ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንጎል አለ። በአንጎላችን ሽፋን ላይ እያንዳንዱ የአካል ክፍል የራሱ ቦታ ያለው ሲሆን የእጅና የጣቶች ቦታ ከሌላው ገላ አንጻር እጅግ ሰፊ ነው፤ የሚገኘውም ከፊታችን ቦታ ጎን ነው። አንዳንድ ታካሚዎች ጉንጫቸው ሲነካ የሌለው ጣታቸው የተነካ ያህል የሚሰማቸው በዚህ ጉርብትና ሳቢያ እንደሆነ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የጀርመን ጥናት የፊት ቦታ ወደ እጁ ቦታ በገፋ መጠን ሕመሙ እንደሚበረታ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ግን ሕመም ባለባቸው ሰዎች የእጁ ቦታ ሳይጠፋ እንደተጠበቀ መኖሩን አገኘ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ለታካሚው የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነው፤ እጁ ቢሄድም በአንጎል ውስጥ ያለው እጅ አልተቆረጠም።

እኛ አካባቢ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከመቆረጡ በፊት ብዙ የታመመ እጅ ከተቆረጠም በኋላ የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እኒህ አርሶ አደር ከዛፍ ወድቀው ክንዳቸው ሲሰበር ወጌሻ በቀርከሃ ጠበቅ አድርጎ አስሮላቸው ነበር፤ ጣቶቻቸው ሲያብጡና ሲደነዝዙ «ታገሥ፣ እየገጠመ ነው» ተባሉ፤ ሆስፒታል ሲደርሱ እጁ ጠቁሮ ነበር። ወጌሻን መውቀስ አልፈልግም፤ ስንቱን ወለምታ ያሻለ እጅ ነው። ነገር ግን የታሰረ እጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፤ ለነገ ማሳደር እጅ ያስከፍላል። እኒያ የመጨረሻ የስቃይ ቀናት በሌለው እጃቸው ውስጥ እንዳሉ ቀርተዋል፤ ጭብጡም ያኔ ሲያማቸው ጨብጠውት የነበረው ነው።

ሕክምናው የሚጀመረው ታካሚው ሕመሙን በራሱ ቃል እንዲገልጽ በማድረግ ነው፤ በዚህ ረገድ አማርኛችን ሀብታም ነው። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይለበልበኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ነርቭ ሕመም ነው፤ «ይጠዘጥዘኛል፣ ያግለኛል» የሚለው ደግሞ ቀሪው ክንድ ኢንፌክሽን እንዳለበት እንድናይ ያደርገናል፤ «ጨበጠኝ፣ ተጣመመብኝ» የሚለው ከእንቅስቃሴ ጋር በተያያዙ ልምምዶች ሊረዳ የሚችል ነው። ቀጥሎ ቀሪው ክንድ ይዳሰሳል፤ አንድ ነጥብ ሲነካ እንደ መብረቅ ወደ ሌለው ጣት የሚወረወር ሕመም ካለ ኒውሮማ ይጠረጠራል።

ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ልምምድ የመስታወት ሕክምና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ራማቻንድራን የተባለው የነርቭ ሳይንቲስት እጃቸው ከተቆረጠ ታካሚዎች ጋር የጀመረው ነው። የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ጠርዙ የማይቆርጥ አንድ መስታወት ነው። ታካሚው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጥና መስታወቱን በደረቱ መሐል ትክክል ያቆመዋል፤ ቀሪው ክንድ ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቃል፣ ደህናው እጅ ከፊቱ ይሆናል። ቀለበት፣ ሰዓትና የክር ማተብ ከእጁ ላይ ይወልቃል፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው እጅ የሌለው እጅ ነው ብሎ አንጎል እንዲቀበል ምንም የሚያሳብቅ ነገር መኖር የለበትም። ከዚያ ዓይንን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ ደህናውን እጅ ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት፣ በሐሳብም የሌለውን አብሮ መክፈት ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይሠራል። ለሁሉም አይሠራም፤ አንዳንዱ ራሱን ያዞረዋል፣ አንዳንዱ እጁን መልሶ ሲያይ እንባ ይቀድመዋል። እንዲህ ያለ ሰው አይገደድም፤ መጀመሪያ የግራና የቀኝ እጅ ፎቶግራፎችን እየለየ፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴውን በሐሳቡ ብቻ እየሠራ ቀስ በቀስ ወደ መስታወቱ ይደርሳል።

ሰው ሠራሽ እጅ ራሱ የሕክምናው አካል ነው፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው እጁን ተቀብሎ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ እያወጣ ሣጥን ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ነው። ለመልክ ብቻ የሚለበስ አለ፤ ከትከሻ ማሰሪያ በተዘረጋ የሽቦ ገመድ የሚከፈትና የሚዘጋ አለ፤ የጡንቻን ኤሌክትሪክ እያነበበ በሞተር የሚሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በሞተር የሚሠራውን እጅ አዘውትረው የሚጠቀሙ ሰዎች የሌለ እጅ ሕመማቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ሕመሙ ያነሰበት ሰው እጁን መልበስ ይቀለዋል ተብሎም ሊተረጎም ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ግን ሌላ ሕክምና ያልበጀላቸው 14 ሰዎች የጡንቻቸውን ምልክት ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው የሌለውን እጃቸውን በስክሪን ላይ ሲያንቀሳቅሱ ሕመማቸው በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ዘግቧል። እንዲህ ያለ መሣሪያ እኛ ጋ ባይኖርም ሐሳቡን ግን በሽቦ ገመዱ እጅ መሥራት ይቻላል፤ ታካሚው ትከሻውን ገፍቶ የሰው ሠራሽ እጁን መንጠቆ ሲከፍት የሌለውን እጁንም አብሮ ለመክፈት ይሞክራል። የጆንያ አፍ ይዞ እህል መስፈር ወይም ሌላው እጅ ሲያጭድ ነዶውን መያዝ፣ በክፍላችን ካለው ማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ልምምድ ነው። መልበሱ በቀን ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ክንዱ የሚገባበት ሶኬት ኒውሮማን የሚጫን ወይም ቆዳ የሚልጥ ከሆነ ሕመሙን ያባብሳልና ሳይታገሡ ወደ ሠራው ባለሙያ መመለስ ያስፈልጋል።

የጎንደር የክረምት ሌሊት ለዚህ ሕመም ደግ አይደለም። ብዙዎች ብርድ ሲገባ እንደሚብስባቸው ይናገራሉ፤ ቀሪውን ክንድ በሱፍ ካልሲ ማሞቅ፣ ሲያወልቁ በእጅ ማሸት፣ መጀመሪያ በጥጥ ቀጥሎም ሻከር ባለ ጨርቅ በየቀኑ ማለማመድ ይረዳል።

መድኃኒትን በተመለከተ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለነርቭ ሕመም እምብዛም ናቸው። ሐኪሞች በአብዛኛው የሚያዙት ማታ በትንሽ መጠን የሚጀመር አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ነው፤ የመጀመሪያው አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰውም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ራስ ያዞራል። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም፤ በሁሉም ላይም አይታይም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ትራማዶል ገዝቶ መዋጥ ግን ሱስ ውስጥ የሚከት ነው። ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎች አሉን፤ እምነታቸውን አከብራለሁ፣ የምለምናቸው መድኃኒቱን በመሐል በድንገት እንዳያቋርጡ ብቻ ነው። ኒውሮማው ለበረታበት ሰው የተቆረጠውን ነርቭ ወደ ሌላ ጡንቻ የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ነርቩ መድረሻ ሲያገኝ ይረጋጋል። በተለይ የግራ እጁ በሌለበት ሰው ላይ ሕመሙ በድንገት ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ፣ የልብ ሕመም በሌለ እጅም ሊሰማ ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ለእኒያ አርሶ አደር መስታወቱንም፣ የሽቦ ገመዱን እጅም፣ አሚትሪፕቲሊኑንም አንድ ላይ ጀመርንላቸው። መጻፍ ስለማይችሉ ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው በየማታው ከ0 እስከ 10 ድረስ የሕመሙን ቁጥር ትጽፍላቸዋለች። በመጀመሪያው ገጽ 8፣ 9፣ 8 ይላል፤ በስድስተኛው ሳምንት ገጽ 4 እና 5 በዝተው ዝናብ ባደረባቸው ሁለት ሌሊቶች 7 አለ። ባለፈው ሲመጡ ደብተሩን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና «ትናንት ማታ አውራ ጣቴ ተፈታልኝ፤ አራቱ ገና ናቸው» አሉኝ። ልጅቱም ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ «አውራ ጣት» ብላ ጽፋበታለች።