የበጀት ተቆጣጣሪ ተቋማት ተጠያቂነት ምንድን ነው?

መንግሥት በጀት ሲያቀርብ ደግ ደጉን መናገር ይወዳል። ኢኮኖሚው ያድጋል፣ ግብሩ ይሰበሰባል፣ ጉድለቱ ይጠባል። ይህን ተስፋ ከመንግሥት ተጽዕኖ ውጭ ሆኖ በቁጥር የሚፈትሽ አካል ገለልተኛ የበጀት ተቋም ይባላል። ከዋና ኦዲተር ጋር አይምታታ። ኦዲተር የወጣውን ገንዘብ ይመረምራል፤ ይኼኛው በዋናነት ገና ያልመጣውን ይገምታል። የኔዘርላንዱ በ1945 ተቋቋመ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ1974 በወጣ ሕግ፤ የብሪታኒያው የበጀት ኃላፊነት ቢሮ ደግሞ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የእነዚህን ባለሙያዎች ፊት መራጭ አያውቀውም። የሚያወጡት አንድ ቁጥር ግን ረቂቅ ሕግ ሊያስቀር ይችላል። ታዲያ ማን ይጠይቃቸው?

ገንዘብ ሚኒስቴር እንዳይሆን ብቻ! ያ ተፈታኙ ፈታኙን እንዲያርም መፍቀድ ነው። ሀንጋሪ ውስጥ የበጀት ምክር ቤቱ መንግሥትን በተቸ ማግስት፣ በ2010 መጨረሻ፣ ገንዘቡ ተነጠቀና የባለሙያ ቡድኑ ተበተነ። ይህ ተጠያቂነት አይደለም፤ አፍ ማዘጋት ነው። ስለዚህ የተለመደው መንገድ ለፓርላማ ተጠሪ ማድረግ ነው። በብሪታኒያ የቢሮውን ሊቀመንበር ለመሾምም ሆነ ለማንሳት የፓርላማው ኮሚቴ ይሁንታ ያስፈልጋል።

ከባዱ ጉዳይ ግን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ትንበያ ስለሳተ ብቻ ጥፋት አይሆንም። የ2020ውን ወረርሽኝ ቀድሞ በቁጥሩ ያስገባ የለም። መታየት ያለበት ስህተቱ ወዴት እንደሚያጋድል ነው። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ካለ የሥራው ጠባይ ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ወይ ስሌቱ ታሟል፣ ወይ ሰው ተጭኖታል። የብሪታኒያው ቢሮ ለዓመታት ምርታማነት ያንሰራራል ሲል ከረመ፤ ውጤቱ ደጋግሞ ከትንበያው በታች ሆነ። ቢሮው የራሱን ስህተት የሚመዝን ሪፖርት ያወጣል፤ ይህንንም እዚያው ጽፎታል። በ2025ም ግምቱን ዝቅ አደረገ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ይኼ ነው፤ የራስን ስህተት በአደባባይ መቁጠር።

ራስን መመዘን ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የብሪታኒያ ሕግ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ የውጭ ሰው ቢሮውን እንዲገመግም ያዛል። በ2020 ይህን ሥራ የሠራው በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የተሰባሰቡበት የኢኮኖሚ ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ ነበር። ገምጋሚው ግምቶቹንና ስሌቶቹን ከፍቶ ካላየ ግን ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ነው።

የአሠራር ጥፋት ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ምሕረቱ ትንሽ ነው። በኅዳር 2025 የዚሁ ቢሮ ሰነድ ገንዘብ ሚኒስትሯ በጀቱን ለፓርላማ ከማሰማታቸው በፊት ኢንተርኔት ላይ ተገኘ። ሊቀመንበሩ ሪቻርድ ሂዩዝ በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለዓመታት የሳተው የምርታማነት ትንበያ ግን ማንንም ከወንበሩ አላስነሳም። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። በትንበያ ስህተት ሰው የሚባረር ከሆነ፣ ቀጣዩ ተንባይ ሚኒስትሩን ደስ የሚያሰኘውን ቁጥር ፈልጎ ያመጣል።