የመስመር አቅም ምንድን ነው?

ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲመጣ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ለምን ባቡር አይጨምሩም?" ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሩ ላይ ነው።

የመስመር አቅም ማለት አንድ የከተማ ባቡር መስመር በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያሳልፈው የሚችለው የሰው ብዛት ነው። አንድ ባቡር የሚይዘው ሰው በሰዓት በሚያልፉት ባቡሮች ቁጥር ይባዛል። 1,000 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ2 ደቂቃው ቢያልፍ 30 ባቡር፣ 30,000 ሰው ይሆናል።

"1,000 ሰው ይይዛል" የሚለው ግን ራሱ አከራካሪ ነው። ወንበር ተቆጥሮ ያልቃል፤ የቆመው ሰው ግን እንደ ቆጣሪው ነው። በካሬ ሜትር 4 ሰው ብለው የሚያሰሉ አሉ፤ 6 የሚሉም አሉ። ጃፓኖች የሚጠቀሙበትን መለኪያ እወደዋለሁ። 100 በመቶ ሲባል ሁሉም ወይ ተቀምጧል ወይ የሚጨብጠው ነገር አግኝቷል። 180 በመቶ ላይ ጋዜጣ ማንበብ የሚቻለው አጣጥፎ፣ ያውም እየተቸገሩ ነው። 250 በመቶ ላይ እጅ እንኳን አይንቀሳቀስም። ቁጥሩን ከሰው አካል ጋር ስላያያዘው ማንም ይገባዋል። ስለዚህ የአንድ መስመር አቅም ሲነገረን፣ በካሬ ሜትር ስንት ሰው ታስቦ ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ሌላው ጉዳይ በባቡሮቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው። የለንደኑ ቪክቶሪያ መስመር ከ2017 ጀምሮ ሰው በሚበዛበት ሰዓት 36 ባቡር ያስኬዳል፤ በየ100 ሴኮንዱ አንድ ማለት ነው። ከዚህ ብዙ ማጥበብ ይከብዳል። የኋለኛው ባቡር ፊት ለፊቱ ካለው ጋር ሳይጋጭ መቆም የሚችልበት ርቀት ያስፈልገዋል፤ የፊተኛው አውርዶና ጭኖ ጣቢያውን ካልለቀቀም መግባት አይችልም። ፍሬኑንና ሲግናሉን በተሻለ መሣሪያ ማሻሻል ይቻላል። ጣቢያ ላይ የሚባክነው ጊዜ ግን በአብዛኛው የሰው ጉዳይ ነው።

በሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ሲከፈት ወራጁ ከውስጥ ይገፋል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ደጃፉ ላይ ተኮልኩሎ መውጫ አሳጥቶታል። መሃል ፉርጎው ላይ ክፍት ቦታ አለ፤ በሩ ጥግ የቆሙት ግን ከሁለት ጣቢያ በኋላ ስለሚወርዱ ወደ ውስጥ አይጠጉም። ሊዘጋ ሲል የአንዱ ቦርሳ ማንገቻ ይያዝና በሩ ተመልሶ ይከፈታል፤ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው ዘሎ ይገባል። ለ30 ሴኮንድ የታሰበው ቆይታ 54 ሆነ። መስመሩ ሥራ የሚበዛበት አንድ ጣቢያ ላይ እያንዳንዱ ባቡር እንዲህ 24 ሴኮንድ ቢዘገይ፣ በየ120 ሴኮንዱ ይመጣ የነበረው በየ144 ይሆናል፤ 30ው ባቡር ወደ 25 ይወርዳል። አንድም ባቡር ሳይበላሽ የ5,000 ሰው ቦታ ጠፋ። ባቡር መኪና አይደለምና የቆመውን አልፎ የሚሄድ የለም።

ይባስ ብሎ መዘግየት መዘግየትን ይወልዳል። ባቡሩ በዘገየ ቁጥር ቀጣዩ ጣቢያ ላይ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ያን ሁሉ ለመጫን ደግሞ የበለጠ ይቆያል። ከኋላው ያለው ብዙ ሰው ስለማይጠብቀው እየተፋጠነ ይደርስበታል። አንዱ ታፍኖ ሲሄድ ተከታዩ ገሚሱ ባዶ ሆኖ የሚመጣው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን በግድ ከመግባት ቀጣዩን መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ለራስም፣ ውስጥ ለታፈኑትም።

መፍትሔዎቹም ብዙዎቹ እዚያው በሩ አካባቢ ያሉ ናቸው። ሰፋፊና ብዙ በሮች ይረዳሉ። ባርሴሎና ውስጥ በግራና በቀኝ መሳፈሪያ ያላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ በአንዱ በኩል ይወረዳል፣ በሌላው ይሳፈራል። ፉርጎ መቀጠልም ይቻላል፤ የለንደኑ ጁቢሊ መስመር ከ6 ወደ 7 ፉርጎ ከፍ ብሏል። ነገር ግን የጣቢያው መሳፈሪያ ካጠረ ያ አይሆንም፤ ከመሬት በታች የተሠራ ጣቢያን ማስረዘም ደግሞ ዋሻ እንደ አዲስ መቆፈር ነው። ሁሉም ተሟልቶ ደግሞ የመጨረሻው ጣቢያ አለ፦ ባቡሩ ሰው አውርዶ፣ ሐዲድ ቀይሮ፣ አሽከርካሪው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዶ ለመመለስ 3 ደቂቃ ከፈጀበትና የሚዞርበት ቦታ አንድ ብቻ ከሆነ፣ መሃል መስመሩ ላይ በየ2 ደቂቃው ባቡር ማግኘት አይቻልም።