የሬዲዮ ኮድ ስፒከሩን ይዘጋል እንጂ አየሩን አያጸዳም

የእጅ ሬዲዮ የያዘ ሰው ውሎ አድሮ የማያውቃቸው ሰዎች ወሬ መሀል መግባቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አንዱ «ኮድ አስገባበት፣ ይጠፋል» ይለዋል። እውነት ነው፣ ይጠፋል። ኮድ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። ነገር ግን ድምጹ ስለጠፋ ሰዎቹም የሄዱ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ስኩዌልች የሚባለው ክፍል ንግግር በሌለ ጊዜ ስፒከሩን ዘግቶ ሹሹታውን ያስቀራል። ሲቲሲኤስኤስ የሚባለው ኮድ በዚህ ላይ ተጨማሪ ዘበኛ ያቆማል። የሚናገረው ሬዲዮ ከድምጹ ሥር ዝቅ ያለ ቶን (አንድ ወጥ ድምጽ) ይልካል፤ የተለመዱት ቶኖች ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ናቸው። ተቀባዩ ሬዲዮ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ስለሚያጣራ ቶኑ ለጆሮ አይሰማም። የተሞላለትን ቶን ሲያገኝ ስፒከሩን ይከፍታል፣ ካላገኘ ዝም ይላል። ዲሲኤስ ደግሞ በቶን ፈንታ በሴኮንድ 134.4 ቢት የሚፈስ ዲጂታል ኮድ ይጠቀማል። ሥራቸው አንድ ነው።

«ኮድ ካስገባሁ ማንም አይሰማኝም»

ይሰማሃል። እዚያው ቻናል ላይ ኮዱን ዜሮ ያደረገ ማንኛውም ሰው እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ስፒከሩን ያለ ኮድ የሚከፍተውን ሞኒተር ቁልፍ ተጭኖ የያዘም እንዲሁ። ከዚያም አልፎ አየር ላይ ያለውን ኮድ ራሳቸው ፈልገው ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ሬዲዮዎች አሉ። ኮዱ የሚዘጋው ያንተን ስፒከር ነው፤ የሌላውን ሰው ስፒከር የመዝጋት አቅም የለውም። ስለዚህ የይለፍ ቃል፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ ቤት ባዶ መሆኑን የመሰለ ነገር በሬዲዮ አይወራ።

«22 ቻናልና 38 ኮድ ካለው 836 ቻናል አለው ማለት ነው»

ማባዛቱ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ቻናሉ ያው 22 ነው። ሰው ብዙም የማያስተውለው ጉዳትም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አንተና ጓደኛህ ቻናል 5 ላይ በ100.0 ኸርዝ ቶን ታወራላችሁ እንበል። ሌላ ቡድንም እዚያው ቻናል 5 ላይ ነው፣ ቶናቸው ግን 77.0 ነው። ጓደኛህ ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ይጠራሃል። በዚያችው ቅጽበት የሌላው ቡድን ሰው ካንተ መቶ ሜትር ላይ ሆኖ ይናገራል። የኤፍኤም ተቀባይ ጠባዩ ጠንካራውን ሲግናል መያዝ ነው፤ ደካማው ይዋጣል። ሬዲዮህ የጎረቤትህን ሲግናል ይዞ ቶኑን ሲያይ የሚፈልገው አይደለም፤ ስለዚህ ስፒከሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ጓደኛህ ደጋግሞ ይጠራል፣ አንተ ዘንድ ጸጥታ ነው።

ኮድ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ ቻናሉ መያዙን ትሰማና ወደ ሌላ ትሄድ ነበር። ኮዱ ግን መረበሹን ራሱን ደበቀብህ። አንተም ሳታውቅ በነሱ ንግግር ላይ ፒቲቲ (የመናገሪያውን ቁልፍ) ትጫናለህ። በዚህ የተነሳ ሰዎች «ሬዲዮው እየሠራ መልስ ከለከለኝ» እየተባባሉ ሲቀያየሙ ማየት ያሳዝናል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ኮዱን አጥፍተህ ቻናሎቹን አዳምጥና ባዶውን ምረጥ። ኮዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከመናገርህ በፊት የሬዲዮህን መብራት ተመልከት፤ ስፒከሩ ዝም ብሎ መብራቷ ከበራች ሌላ ሰው እየተናገረ ነው። ብዙ ሬዲዮዎች ቻናል ሲያዝ መናገርን የሚከለክል ሴቲንግም አላቸው፤ ክፈተው። የጠፋ ሰው እየተፈለገ ከሆነ ወይም የድረስልኝ ጥሪ ሊመጣ ይችላል ብለህ ከጠበቅህ ግን በመቀበያ በኩል ያለውን ኮድ አጥፋ። አለዚያ ያለ ኮድ የሚጮህ ሰው አጠገብህ ቢሆን እንኳ ድምጹን አትሰማውም።

«ኮድ ርቀት ይጨምራል»

አይጨምርም። ርቀትን የሚወስኑት አንቴናው፣ የቆምክበት ከፍታና በመሀል ያለው ጋራ ወይም ሕንጻ ናቸው። እንዲያውም ሲግናሉ በጣም ሲደክም ሬዲዮው ቶኑን ማግኘት ስለሚያቅተው ድምጹ ይቆራረጣል። የኮምፒውተርና የአምፖል ጫጫታ ስፒከሩን እየከፈተ ሲያሰለችህ ግን ኮድ ግልግል ነው። ጫጫታው ቶን ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩን መክፈት አይችልም።

«የኮድ ቁጥራችን አንድ ነው፣ መገናኘት አለብን»

ቁጥሩ የአምራቹ ዝርዝር ተራ ቁጥር ነው። በብዙ ሬዲዮ ኮድ 12 ማለት 100.0 ኸርዝ ነው። ዝርዝሩ 69.3ን የሚጨምር ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ ይገፋና 12ኛው 97.4 ይሆናል። ኸርዙን አስተያዩ። በዲሲኤስም የተገለበጠ 023 ከቀጥታው 047 ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ቀጥታና ግልባጭ የሚለውም መመሳሰል አለበት።

«ኮዱ በሁለቱም በኩል መሞላት አለበት»

የመላኪያና የመቀበያ ኮድ ለየብቻ ናቸው። ብዙ ሪፒተር (ንግግርን ተቀብሎ ወደ ሩቅ መልሶ የሚልክ ጣቢያ) የሚፈልገው መላኪያውን ብቻ ነው። አዲስ ሬዲዮ ስትሞላ መላኪያውን አስገብተህ ሞክር፤ መቀበያውን መጨረሻ ላይ ጨምር። «አልሰማህም» የሚል ሰው ሲኖር መጀመሪያ የእሱን መቀበያ ኮድ አጥፉ። ድምጽህ ከመጣ ችግሩ ኮዱ ላይ ነው፤ ያኔ አንቴና መነቃቀል አያስፈልግም።

«የመጀመሪያውን ቃል ይቆርጣል፣ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ተቀባዩ ቶኑን ለይቶ ስፒከሩን እስኪከፍት ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል፤ ቶኑ ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። ፒቲቲውን ተጭነህ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቆይተህ ተናገር። ቶን ስትመርጥም የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት 100.0ን፣ 60 ኸርዝ በሆነበት ደግሞ 118.8ን ብትተው ይሻላል። የኤሌክትሪክ መስመር ሁምታ በእነዚህ አካባቢ ስለሚወድቅ አንዳንዴ ስፒከሩን በከንቱ ይከፍተዋል።