የጦብያ ዕቃና የእኛ ጓዳ

በነህምያ ምዕራፍ 13 ላይ ብዙዎቻችን በችኮላ የምናልፈው አንድ ጓዳ አለ። በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ የሚገኝ ትልቅ ጓዳ ነው። ቀድሞ የእህሉ ቍርባን፣ ዕጣኑ፣ ንዋያተ ቅድሳቱ፣ ለሌዋውያንና ለመዘምራን የሚሰጠው የእህል፣ የወይንና የዘይት ዐሥራት ይቀመጥበት ነበር። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያሠራው ነህምያ በአርጤክስስ 32ኛ ዓመት ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ግን ጓዳው የዚያ ሥራ ተቃዋሚ የነበረው የአሞናዊው የጦብያ ማደሪያ ሆኖ አገኘው። ጓዳዎቹን እንዲጠብቅ የተሾመው ካህኑ ኤልያሴብ ራሱ ነው ያዘጋጀለት።

ነህምያ ያደረገው አራት ነገር ነው። አዘነ። የጦብያን የቤት ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ ጣለ። ጓዳዎቹ እንዲነጹ አዘዘ። ንዋያተ ቅድሳቱን፣ ቍርባኑንና ዕጣኑን ወደ ቦታቸው መለሰ። ቤታችንን ከኮተት ለማራገፍ ስንነሣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንሠራለን፤ አራተኛውን እንረሳለን። ለዚህ ነው በሦስተኛው ወር ጦብያ ተመልሶ የሚገባው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልጣል?» ሳይሆን «ይህ ቦታ ለምን ነበር?» ነው። ጠረጴዛው ቤተሰብ አብሮ እንዲቀመጥበት ነበር፤ ወረቀት ስለ ተቆለለበት እያንዳንዱ ሳህኑን ይዞ በየጥጉ ይቀመጣል። ትርፉ አልጋ ለእንግዳ ነበር፤ ልብስ ስለ ተከመረበት «ዛሬ እደሩ» የሚል ሰው ጠፋ። የጸሎቱ ጥግ የካርቶን ማከማቻ ሆነ። በነህምያም እንዲሁ ነው። የጓዳው ነገር እንዳለቀ በቁጥር 10 ላይ ሌዋውያኑ ድርሻቸው ተቋርጦባቸው ወደየእርሻቸው እንደ ሸሹ እናነባለን። ዕቃ ቦታ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በዚያ ቦታ ይደረግ የነበረውን ነገር ያስቀራል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጻፉ፤ «ይህ ጥግ የጸሎት ነው»፣ «ይህ አልጋ የእንግዳ ነው» ብላችሁ። ኋላ እጃችሁ ሲያመነታ ፈራጁ ያ ወረቀት ይሆናል።

የሕዝቅያስ 16 ቀን

ስለ አሠራሩ በዝርዝር የሚነግረን 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 29 ነው። ሕዝቅያስ በ25 ዓመቱ ነገሠ፤ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት በመጀመሪያው ወር አባቱ አካዝ የዘጋውን የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ፣ አደሰም። 14 ሌዋውያን በስም ተጠቅሰዋል፤ እነርሱም ወንድሞቻቸውን ሰበሰቡ። ካህናቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው ያገኙትን ርኩሰት ሁሉ ወደ አደባባዩ አወጡ፤ ሌዋውያኑ ከአደባባዩ ተቀብለው ወደ ቄድሮን ወንዝ ወሰዱት። በወሩ በመጀመሪያው ቀን ጀመሩ፣ በስምንተኛው ቀን ወደ መቅደሱ መግቢያ ወለል ደረሱ፣ ሌላ ስምንት ቀን ጨምረው በ16ኛው ቀን ፈጸሙ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ የተከፈተው ደጁ ነው። ዕቃ ከመሳቢያ ከማውጣታችሁ በፊት መውጫው የት እንደ ሆነ ወስኑ፦ ልብሱን ማን ይቀበላል? መጻሕፍቱስ? ቆሻሻው በየትኛው ቀን ይነሣል? መውጫ ያልተበጀለት ዕቃ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይሰፍራል፤ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ቀጥሎ አደባባዩ አለ። አንድ አንሶላ ወለል ላይ አንጥፉና የአንዱን መሳቢያ ዕቃ በሙሉ ዘርግፉበት። የአንዱን መሳቢያ ብቻ፤ የክፍሉን ሁሉ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በቅዳሜ ጠዋት ሙቀት ክፍሉን ሙሉ ያወጣል፣ ሦስት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ውሳኔ ሰልችቶት ሁሉንም እንዳለ መልሶ ይከታል። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ 16 ቀን የፈጀ ሥራ በአንድ ሰው ጉልበት በአንድ ከሰዓት አያልቅም። 20 ደቂቃ በስልካችሁ ቁጠሩ፤ ሲጮህ የተጀመረውን መሳቢያ ጨርሳችሁ አቁሙ።

ባዶውን መሳቢያ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ ይድረቅ። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ አንሡና በአራት ክምር ለዩ፦ የሚመለስ፣ ለሰው የሚሰጥ፣ የሚጠገን፣ የሚጣል። እጃችሁ የያዘውን ሳትወስኑ መልሳችሁ አታስቀምጡ። የሚጠገነው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተጠገነ ወደ ሌላ ክምር ይሻገር። እውነት ሊወሰንበት ላልተቻለ ዕቃ አንድ ካርቶን ይፈቀዳል፤ አንድ ብቻ። በፕላስተር ዝጉት፣ ቀኑን ከላዩ ጻፉ፤ ስድስት ወር ሙሉ ካልተከፈተ ሰነድ አለመኖሩን አረጋግጣችሁ አውጡት። ለመጣልም አትቸኩሉ። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 19 ላይ አካዝ የጣላቸውን ዕቃዎች አዘጋጅተው ቀደሷቸው ይላል። ተጥሎ የነበረው ሁሉ ርኩሰት አልነበረም።

ከየት ይጀመር? ልብ ከማይነካው። ጊዜው ካለፈበት መድኃኒት፣ ከነጠፈ እስክሪብቶ፣ የምን እንደ ሆነ ከማይታወቅ ገመድ፣ ጽሑፉ ከጠፋ ደረሰኝ። ቀጥሎ ልብስ፣ ከዚያ መጻሕፍት፣ ከዚያ ወረቀት። ደብዳቤና ፎቶ መጨረሻ ይሁኑ። በፎቶ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ወለል ላይ ተቀምጦ ትዝታ ሲያገላብጥ ይውላል።

ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ወደ መጸዳጃ አትድፉት፤ ውኃውን ይበክላል። የሚረከብ ፋርማሲ ካለ ለእርሱ ስጡ። ከሌለ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከአፈር ጋር ቀላቅሉት፣ በሚታሸግ ፌስታል አስራችሁ ጣሉት፤ ከጠርሙሱ ላይ ስማችሁን አጥፉ። የስልክ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ ጫፎቹ ብረት ከነኩ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጫፉን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለሚረከብ ስጡ።

ያረፈ ሰው ልብስ ጉዳይ ለብቻው ነው። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አያጣድፍ። ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ በጴጥሮስ ዙሪያ ቆመው እያለቀሱ እርሷ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩት ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ጴጥሮስ «ይህ ጨርቅ ነው» ብሎ አልገሠጻቸውም። አንድ ወይም ሁለት ዕቃ መርጣችሁ በክብር አስቀምጡ፤ ሌላው ጊዜው ሲደርስ ይወጣል።

ጎተራ ማስፋት

ከሁሉ የሚዘወተረው ስሕተት መደርደሪያና የማከማቻ ሣጥን ቀድሞ መግዛት ነው። መልካም ይመስላል። ነገር ግን በሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጠጋ ያለው ይህንኑ ነው፦ «ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ።» ችግሩ የጎተራ ማነስ መሰለው። ሣጥን የሚገዛው ማራገፉ ካለቀ በኋላ፣ የቀረው ዕቃ ተለክቶ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያስፈልግም።

በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ በዚሁ ምሳሌ ላይ ሲሰብክ በሣጥን የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ነው፣ ያስቀረኸው እንጀራ የተራበው ነው አለ። ከባድ ቃል ነው። መጥምቁም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ብሏል። ስንሰጥ ቸር ሆንን አንበል፤ ባለቤቱ ዘንድ አደረስነው እንበል።

«ብልና ዝገት በሚያጠፉት» የሚለውን የጌታን ቃል ቁም ሳጥን የሚያውቅ ሰው በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ልብስ የሚበላው የሚበርረው ብል አይደለም፤ እርሱ አይመገብም። የሚበላው ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ይወዳል፣ ሱፍ ይበላል፣ ላብና የምግብ ቅሪት ያለበትን ያስቀድማል። የሚለበስና የሚራገፍ ልብስ ብዙም አያገኘው። የተከማቸው ነው የሚጠፋው። ለሌላ ወቅት የምታስቀምጡት ካለ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ ይግባ።

ለሰው የሚሄደው ደግሞ መባ ነው። በሚልክያስ 1፥8 ላይ ዕውሩንና አንካሳውን መሥዋዕት ያቀረቡትን ጌታ «ለአለቃህ አቅርበው፤ በውኑ በአንተ ደስ ይለዋልን?» ይላቸዋል። ልብሱ ይታጠብ፣ ቁልፉ ይተከል፣ ዚፑ ይሞከር፣ ኪሱ ይፈተሽ። ጫማው በጥንድ ይታሰር። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከነገመዱ፣ መሥራቱ ተረጋግጦ ይሂድ። የማይለበስ ቅዳጅ ለወለል መወልወያ ይሁን እንጂ «ለድሃ» አይባል። የሚወጣው ከረጢት በር ሥር ከሰባት ቀን በላይ አይደር፤ ስምንተኛው ቀን ላይ መበርበር ይጀምራል።

የሌላን ሰው ዕቃ ሳታስፈቅዱ አትጣሉ። የባል፣ የሚስት፣ የልጅ ዕቃ የባለቤቱ ነው። ሰላም ያጣ ቤት ንጹሕ ወለል ቢኖረው ምን ይጠቅመዋል? የራሳችሁን መሳቢያ ጨርሱ፤ ሌላው አይቶ የሚነሣበት ጊዜ አለ፣ የማይነሣበትም አለ።

ዕለት ዕለት

ማራገፍ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው፤ ዕለታዊው ሥራ ግን ማለቂያ የለውም። በዘሌዋውያን 6፥10-11 ካህኑ የበፍታ ልብሱን ለብሶ የመሠዊያውን አመድ ያነሣል፤ ከዚያ ልብስ ቀይሮ አመዱን ከሰፈር ውጭ ወደ ንጹሕ ስፍራ ያወጣል። አመድ መድፋት! ለዝቅተኛ አገልጋይ አልተተወም፤ ለካህኑ ተሰጠ፤ ልብሱ ሳይቀር ተወሰነለት።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሥልቹነት ያዘው፣ ሐሳቡም ተበተነበት። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም» ብሎ ጸለየ። ጥቂት ቆይቶ እርሱን የሚመስል ሰው አየ፤ ተቀምጦ ይሠራል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ እንደገና ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፣ እንደገና ተነሥቶ ይጸልያል። መልአክ ነበር፤ «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። መልአኩ ያሳየው ሁለቱን በአንድ ገመድ ነው፤ ሥራውን ትተህ ጸልይ አላለውም።

ለዚህ ሥራው ራሱ ሥርዓት ይኑረው፤ ሥርዓት ያለው ሥራ አእምሮን ነጻ ይተዋልና። ዕቃ ስታጥቡ ብርጭቆ ይቅደም፣ ማንኪያና ሹካ ይከተል፣ ከዚያ ሳህን፣ ድስት መጨረሻ፤ የድስቱ ቅባት ወደ ብርጭቆው እንዳይሄድ። ሊጥ የነካው ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከር፤ ሙቅ ውኃ ያጣብቀዋል። ቢላ አረፋ ውስጥ አይተው፣ እጅ ይቆርጣል። ቤት ሲጸዳ ከላይ ወደ ታች፣ ከጥግ ወደ በር ነው፤ አቧራ ወደ ታች ይወርዳልና ወለል ቀድሞ የጠረገ ሁለቴ ይጠርጋል። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሌላ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሉቃስ 15 ላይ አንዱን ድሪም፣ የብር ገንዘቧን፣ ያጣችው ሴትም ሥርዓቷን ታውቃለች፤ መጀመሪያ መብራት አበራች፣ ቀጥሎ ጠረገች፣ ከዚያ አጥብቃ ፈለገች።

ከሥራው ጋር አጭር ጸሎት ይሂድ፤ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» ይበቃል። ወይም እጃችሁ የያዘው ዕቃ ያስታውሳችሁ፤ የልጅን ሸሚዝ ስታጥፉ ስለ ልጁ፣ የእንግዳን ብርጭቆ ስታጥቡ ስለ እንግዳው። ሐሳብ ሲበተን ራሳችሁን አትውቀሱ፤ በሚቀጥለው ሳህን መልሳችሁ ጀምሩ።

ማርታን ጌታ የገሠጻት ስለ ሥራዋ ይመስለናል። የነገራት «በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ» ብሎ ነው። በዮሐንስ 12፥2 በሌላ ማዕድ እንደገና እናገኛታለን፤ ያን ጊዜም ታገለግል ነበር፣ ወቀሳ ግን የለም። ስለ ንጽሕናም ቢሆን መጨነቅ አለ። ምሳሌ 14፥4 በሬ በሌለበት ግርግሙ ንጹሕ ነው ይላል፤ ምርቱ ግን በበሬ ኃይል ነው። ሕፃናት ያሉበት ቤት ማታ ወለሉ ላይ መጫወቻ ቢገኝ በሬ አለ ማለት ነው።

ወደ ነህምያ አራተኛ ሥራ እንመለስ። በሉቃስ 11 ላይ የወጣው ርኩስ መንፈስ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ አገኘው፤ ከእርሱ የከፉ ሌሎች ሰባት መናፍስት ይዞ ገባ። ቤቱ አልቆሸሸም ነበር፤ ነዋሪ አልነበረውም። ስለዚህ ጠረጴዛው በተራገፈበት ቀን ማታ ቤተሰቡ ይቀመጥበት። የጸሎቱ ጥግ በጸዳበት ምሽት ይጸለይበት፤ አሥር ደቂቃም ቢሆን። የእንግዳው አልጋ በተነጠፈበት ሳምንት እንግዳ ይጠራ።

የሱነም ሴት ለኤልሳዕ በሰገነት ላይ ትንሽ ቤት ስታሠራ ያስገባችው አራት ዕቃ ነበር፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ (2 ነገ. 4፥10)። አንድ ቀን ኤልሳዕ ወደዚያ መጣ፤ ወደ ሰገነቱም ገባና በዚያ ተኛ።