ልጆችና የሥዕል መጽሐፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ሐዋሳ ለልጆቼ የታላላቅ ሥዕሎች መጽሐፍ ስገዛ ጎረቤቶቼ የሚሉኝ ነገር አለ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጆቹን የሚያስቀርባቸው ነገር ስለሚያሳዝነኝ አንድ በአንድ ላንሳው።

«ልጅ ስለ ሥዕል ታሪክ ምን ይገባዋል?»

ብዙ ይገባዋል። የስድስት ዓመቷ ልጄ በረንዳ ላይ ሆና የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያሉበትን መጽሐፍ ስታገላብጥ ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ። «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው አንድ ዓይን ብቻ ያለው?» ያን ገጽ ስንቴ አይቼዋለሁ! ልብ ብዬው ግን አላውቅም። በአገራችን ጥንታዊ አሣሣል ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ይህን ስነግራት እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። «ደግ፣ ደግ፣ ክፉ...» እያለች ስትለይ አመሸች። እሁድ ገብርኤል ስንሄድም አንገቷን አቅንታ ዓይን ስትፈልግ ነበር።

«የሥዕል ታሪክ የፈረንጅ ነው።»

አድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች፣ በዓለም ላይ ካሉት ባለ ሥዕል ወንጌሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ናቸው። በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት በላይ ነው። ከዚህ እንጀምርና የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግም በተራው ይመጣል።

«ሙዚየም በሌለበት ከተማ አይሆንም።»

አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ልክ ነው። መጽሐፍ የሚያስፈልገን ለዚሁ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ መጽሐፍ መጠን ይደብቃል። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ገጹ ላይ ግን መዳፍ አይሞላም። ሞና ሊዛ ደግሞ 77 በ53 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። እኛ በሜትር ለክተን ሞና ሊዛን በጠመኔ ግቢ ውስጥ አሰመርናት። ለአፈወርቅ ግን ግቢው አልበቃም። ልጆቹ ያን ቀን የሳቁት ሳቅ!

«መጽሐፉ ውድ ነው።»

ውድ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ለዓመታት ያገለግላል። ጥሩ ሥዕል ያለበትን የአምና ካላንደርም አትጣሉ።

«መጀመሪያ የሠዓሊውን ስምና ዘመን ያጥና።»

ልጅን የሚያሸሸው ይሄ ነው። አብራችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ «ምን ይታይሃል?» በሉት፣ በቃ። ለወንዱ ልጄ ከሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎች አንዱን ሳሳየው መጽሐፉን ገለባብጦ አየና «ይሄማ አሞራ ገደል ነው፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ» አለኝ፤ ሐይቃችን ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ ማለቱ ነው። የሠዓሊውን ስም ከሳምንት በኋላ ራሱ መጥቶ ጠየቀኝ።